በጫሞ ሰማይ ሥር፤ የቴሌስኮፕ ትኩረት እንዴት ተገኝቶ እንዴት ይጠበቃል



የታኅሣሥ ምሽት ነው እንበል። በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በላይኛው ሠፈር በሴቻ አፋፍ ላይ፣ አንድ ወጣት ተመልካች ቴሌስኮፑን ተክሏል። ከበታቹ በስተ ምሥራቅ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጉብታ አባያንና ጫሞን ለይቶ ተጋድሟል፤ የሐይቆቹም ውሃ የመጨረሻውን ብርሃን ይዞ ያብለጨልጫል። ሲጨልም ተመልካቹ አንድ ደማቅ ኮከብ መርጦ የማስተካከያውን ቁልፍ ወዲያና ወዲህ አዞረ፤ ኮከቡ በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ሲሆንለትም አቆመ። ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ የኦሪዮንን ኔቡላ ፎቶግራፍ ደጋግሞ አነሣ። በማግስቱ ምስሎቹን በሰፊ ሰሌዳ ላይ ዘርግቶ ሲመለከታቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች ጥርት ያሉ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የተነሡት ግን እየዋሉ እየደበዘዙ ሄደው፣ በመጨረሻዎቹ ላይ ከዋክብቱ እንደ ምስር ፍሬ አብጠው ይታያሉ። መሣሪያውን ማንም አልነካውም፤ ቁልፉም አልተዞረም። ታዲያ ጥፋቱ ከየት መጣ?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ የሰማይ አካላትን ፎቶግራፍ ለማንሣት በሚደረግ ሥራ ውስጥ ከፍ ያለ ጉዳት የሚያደርሰውን ስሕተት የያዘ ነው። የብርሃን ማነስ ረዘም ላለ ጊዜ በማንሣት ይካሳል፤ የቀለም መዛባትም በኋላ ይታረማል። ከትኩረት የወጣ ምስል ግን በአንድ ነጥብ ላይ ሊሰበሰብ ይገባው የነበረውን ብርሃን በብዙ ነጥቦች ላይ ስለሚበትነው፣ ደካሞቹ ከዋክብት በሰማዩ ወገግታ ውስጥ ሰጥመው ይቀራሉ። በኮምፒዩተር የሚደረግ የማጥራት ሥራ ጠርዝን ያደምቃል እንጂ ያልተመዘገበውን አይፈጥርም። ያለፈ ሌሊት ደግሞ እንደ ፈሰሰ ውሃ ነው፤ አይታፈስም።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ እንግዲህ የሚከተለው ነው፤ ትኩረት አንድ ጊዜ በዐይን ተፈልጎ የሚገኝ ነጥብ ሳይሆን፣ ሌሊቱን ሙሉ በመለኪያ የሚጠበቅ ወሰን ነው። ይህ አነጋገር ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። ማንኛውም ዘንግ ወደ ተሸካሚው የሚገባው በተፈቀደ የስሕተት ወሰን ነው፤ ወሰኑን የማያውቅ ሠራተኛም ሥራው መበላሸቱን የሚያውቀው ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነው። የሴቻው ተመልካች የደረሰበትም ከዚህ አይለይም።

የሰማዩና የቦታው ጠባይ

አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ6 ዲግሪ አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት የሰማይ ወገብ በአናት አጠገብ ያልፋል። የኦሪዮን ኔቡላ ከአናት 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ይሻገራል። የሰሜኑ አንድሮሜዳ ጋላክሲ እስከ 55 ዲግሪ ከፍታ ሲወጣ፣ ከአውሮፓ ምድር ከቶ የማይታየው ትልቁ የማጀላን ደመናም በደቡብ በኩል እስከ 14 ዲግሪ ይደርሳል። ሁለቱን የሰማይ ንፍቆች በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሥፍራ ሆኖ ለመመልከት ለሚሻ ሰው ይህ ታላቅ ዕድል ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው የበጋ ወቅትም ሰማዩ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው።

ይሁን እንጂ ቦታው ሰጥቶ የሚቀበልም ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ያህል፣ የጫሞ ሐይቅ ደግሞ 1,110 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲገኙ፣ በስተ ምዕራብ ያሉት የጋሞ ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ያሻቅባሉ። በሸለቆው የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሶ፣ ሌሊቱ ወደ 17 ዲግሪ ይወርዳል። ከተራራው ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ሲፈስ፣ ከሐይቁ ደግሞ ቀን የሞቀው ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ አየር ይመልሳል። ቴሌስኮፑ የሚሠራው እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ተቃራኒ እንቅስቃሴዎች መካከል ነው። ይህ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለመገመት ግን በመጀመሪያ የትኩረትን ወሰን በቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል።

ወሰኑ ምን ያህል ነው?

ከኮከብ የሚመጣው ብርሃን በሥርጉድ መስተዋት ላይ ሲያርፍ እንደ ሾጣጣ ቆብ እየጠበበ ሄዶ በትኩረት ነጥብ ላይ ይሰበሰባል፤ ከዚያም ባሻገር እንደገና ይሰፋል። የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ከነጥቡ ቀድሞም ሆነ አልፎ ቢቀመጥ የኮከቡ ምስል ክብ ብዥታ ይሆናል። የሾጣጣው ስፋት የሚታወቀው በትኩረት ጥምርታ፣ ይኸውም የትኩረት ርቀቱን ለመስተዋቱ ዲያሜትር በማካፈል ነው።

ለምሳሌ የመስተዋቱ ዲያሜትር 200 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 1,000 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ይወሰድ። ጥምርታው 5 ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ሎርድ ሬሌይ በተወው መመዘኛ መሠረት፣ የብርሃኑ ሞገድ ከትክክለኛ ቅርጹ በሩብ የሞገድ ርዝመት ካልበለጠ ምስሉ እንደ ጥሩ ይቆጠራል። ይህ ወደ ርቀት ሲለወጥ፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በ2 ተባዝቶ እንደገና በትኩረት ጥምርታው ካሬ ይባዛል። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 0.55 ማይክሮሜትር ስለሆነ፣ 2 ሲባዛ በ0.55 ሲባዛ በ25፣ ውጤቱ 27.5 ማይክሮሜትር ይሆናል። ሰሌዳው ከትክክለኛው ቦታ ወደ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ ሊርቅ የሚፈቀድለት ይህን ያህል ብቻ ነው። ጠቅላላው ወሰን 55 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ ይህም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥራ ስምንተኛ ያህል ነው።

ወሰኑ በጥምርታው ካሬ ስለሚለዋወጥ፣ ጥምርታው 10 የሆነ ቴሌስኮፕ አራት እጥፍ ሰፊ ወሰን አለው። ብዙ ብርሃን በአጭር ጊዜ የሚሰበስበውና ብዙዎች የሚመኙት ባለ ዝቅተኛ ጥምርታ ቴሌስኮፕ፣ ለተጠቃሚው አነስተኛ ይቅርታ የሚያደርግ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በካሜራ ሌንሶች ላይ ለወሰን አልባ ርቀት የተቀረጸው ምልክትም መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ከሰሌዳው ፊት የሚገባ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብርሃን ማጣሪያ መስተዋት ብቻውን የትኩረቱን ነጥብ በ1 ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይህ ከተፈቀደው የስሕተት ርቀት ከሠላሳ አምስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ማጣሪያ በተለወጠ ቁጥር ትኩረቱ እንደገና መፈተሽ አለበት።

ሙቀት ሲወርድ ቴሌስኮፑ ያጥራል

አሁን ወደ ሴቻው ተመልካች እንመለስ። አሉሚኒየም በአንድ ሜትር ርዝመት፣ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሙቀት ለውጥ፣ 23 ማይክሮሜትር ያህል ይለጠጣል ወይም ይኮማተራል። ሙቀትን በሚቋቋም መስታወት የተሠራው መስተዋትም በቅዝቃዜ ሲኮማተር የትኩረት ርቀቱ በዚያው መጠን 3 ማይክሮሜትር ያህል ያጥራል። ልዩነታቸው 20 ማይክሮሜትር ነው። ይኸውም አየሩ በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ቱቦው ካሜራውን ወደ መስተዋቱ ስለሚያቀርበው፣ የትኩረቱ ነጥብ ከሰሌዳው በ20 ማይክሮሜትር ባሻገር ይወድቃል።

የተፈቀደው 27.5 ማይክሮሜትር ስለሆነ፣ ከ1.4 ዲግሪ ለውጥ በኋላ ምስሉ ከወሰኑ ይወጣል። የአየሩ ሙቀት ከመሸ በኋላ በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ በ5 ዲግሪ ቢወርድ፣ የትኩረቱ ነጥብ በ100 ማይክሮሜትር ይሸሻል። ይህ ለጥምርታው ለ5 ሲካፈል የብዥታው ዲያሜትር 20 ማይክሮሜትር ይሆናል፤ በሰማይ ላይ ሲለካም 4 የቅስት ሴኮንድ ያህል ነው። በመልካም ሌሊት የአየሩ መንቀጥቀጥ የኮከብን ምስል ወደ 2 የቅስት ሴኮንድ ቢያሰፋው፣ በቅዝቃዜው የመጣው ብዥታ የዚህ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በሴቻ አፋፍ ላይ ቁልፉን የነካ ማንም አልነበረም፤ ትኩረቱን ያዛወረው ቱቦው ራሱ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው በሙቀት እምብዛም በማይለጠጥ ነገር፣ ለምሳሌ በካርቦን ጭረት በተሠራ ቱቦ መጠቀም ነው፤ ይህ ግን ዋጋው ከፍ ይላል። ሁለተኛውና ማንም ሊያደርገው የሚችለው፣ ቴርሞሜትር በቱቦው ላይ አስሮ የሙቀቱን መውረድ መመዝገብና፣ ከላይ ለተጠቀሰው ዓይነት መሣሪያ በየ1 ዲግሪው ትኩረቱን እንደገና ማስተካከል ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ደጋ የሚኖረው የዶርዜ ሸማኔ ድሩን አንድ ጊዜ ወጥሮ አይተወውም፤ የተሸመነው ጨርቅ በተጠቀለለ ቁጥር ድሩን እየለቀቀ ውጥረቱን እንደገና ያስተካክላል። የቴሌስኮፕ ሥራም ይህንኑ ልማድ ይጠይቃል።

ከዚህ በተጨማሪ መሣሪያው ከሥራው በፊት ከአየሩ ጋር መላመድ አለበት። በሞቀ ቤት ወይም በመኪና ውስጥ የዋለ መስተዋት ከፊቱ የሞቀ አየር ንብርብር እያስነሣ ኮከቡን ያርገበግበዋል። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ ከጥልቀቷ በኋላ በ75 ደቂቃ ገደማ ሰማዩ ፈጽሞ ይጨልማል። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ከጀምበር መጥለቅ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ ወደ ጥላ ማውጣት ይገባል።

የሐይቁ አየርና የመትከያ ቦታ ምርጫ

የጫሞን ውበት ያየ ሰው ቴሌስኮፑን ከውሃው ዳር ለመትከል ይመኝ ይሆናል። ይህ በሁለት ምክንያት የተሳሳተ ምርጫ ነው። የመጀመሪያው የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ የሐይቁ ጉማሬዎች ሌሊት ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣሉ፤ አዞዎቹም ዳርቻውን አይለቁም። በጨለማ ውስጥ ዐይኑን በመሣሪያ ላይ ተክሎ የተቀመጠ ሰው አካባቢውን መጠበቅ አይችልም። ሁለተኛው የአየሩ ጉዳይ ነው። ውሃው ከሌሊቱ አየር ይልቅ ሙቅ ስለሆነ በላዩ ላይ የሞቀ አየር እየተነሣ ይወጣል፤ በሐይቁ ላይ ዝቅ ብሎ የሚታይ ኮከብም በምድጃ ላይ እንደሚታይ ነገር ይርገበገባል። እርጥበቱም በመስታወቶቹ ላይ ጤዛ ያስቀምጣል።

ስለዚህ ከፍ ያለና ነፋስ በዝግታ የሚያልፍበት ቦታ፣ በሣር የተሸፈነ እንጂ ቀን ሙቀት የጠጣ ሲሚንቶ ያልሆነ መሬት ይመረጣል። የሚነሣው አካልም ከአድማስ ከፍ ያለ መሆን አለበት። በ30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ያለ ኮከብ ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር በአናት ላይ ካለው ኮከብ ሁለት እጥፍ ነው። ትኩረት የሚስተካከልበት ኮከብ ከሚነሣው አካል አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፤ ቴሌስኮፑ ከአንድ የሰማይ ክፍል ወደ ሌላው ሲዞር የመስተዋቱና የካሜራው ክብደት ወደ ሌላ ጎን ስለሚያዘነብል፣ በአንዱ አቅጣጫ የተገኘው ትኩረት በሌላው ላይጸና ይችላል።

ከዐይን ወደ መለኪያ

ትኩረትን በዐይን ብቻ መወሰን የማያስተማምነው ለምንድን ነው? ኮከቡ ወደ ትክክለኛው ቦታ ሲቃረብ የምስሉ ስፋት እጅግ በትንሹ ስለሚለዋወጥና አየሩም በየቅጽበቱ ስለሚያናውጠው ነው። ዐይን ጥሩ የሚመስለውን ይመርጣል፤ ጥሩ የሚመስለው ግን ብዙውን ጊዜ አየሩ ለአፍታ የረጋበት ቅጽበት ነው። በዚህም የተነሣ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ የብዥታውን መጠን ወደ ሌላ፣ ለማየት ወደሚቀል ምልክት የሚለውጡ ዘዴዎችን ሲፈልጉ ኖረዋል።

ክሪስቶፍ ሻይነር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1619 ባሳተመው ሥራ ሁለት ቀዳዳ ያለው ክዳን ከዐይን ፊት ሲቀመጥ፣ ከትኩረት ውጭ ያለ ነገር ሁለት ሆኖ እንደሚታይ አስረዳ። ይህ ክዳን በቴሌስኮፕ አፍ ላይ ሲደረግ ሁለቱ ምስሎች አንድ የሚሆኑት ትኩረቱ ሲገኝ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ሌዎን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1858 የስለት ጠርዝን ከትኩረት ነጥቡ ላይ በማስገባት መስተዋትን የሚፈትንበትን ዘዴ ገለጸ። ስለቱ በትክክለኛው ነጥብ ላይ ካለ መስተዋቱ በአንድ ጊዜ እኩል ይጨልማል፤ ቀድሞ ወይም አልፎ ከሆነ ጥላው ከአንድ ወገን ይገባል። በፊልም በሚነሣበት ዘመን ይህ ዘዴ ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

ሩሲያዊው ፓቬል ባኽቲኖቭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በሦስት ልዩ ልዩ አቅጣጫ የተቆረጡ ትይዩ ክፍተቶች ያሉበትን ፍርግርግ ክዳን አቀረበ። ደማቅ ኮከብ በዚህ ክዳን ውስጥ ሲታይ ብርሃኑ የተጣመሩ ሁለት ጨረሮችና በመካከላቸው የሚያልፍ ሦስተኛ ጨረር ይሆናል። ሦስተኛው ጨረር ከመስቀለኛው መሐል ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ትኩረቱ ገና ነው፤ የማዘንበሉም አቅጣጫ ቁልፉ ወዴት መዞር እንዳለበት ያመለክታል። በትክክል መሐል ላይ ሲያልፍ ሥራው ተፈጸመ። ይህን ክዳን ለመሥራት ጠንካራ ካርቶን፣ ማስመሪያና ምላጭ ይበቃሉ። የአንድ ክፍተትና የአንድ ዘንግ ስፋት ተደምሮ፣ ከቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት አንድ መቶ ኀምሳኛ እስከ አንድ ሁለት መቶኛ ይደረጋል፤ ለ1,000 ሚሊሜትር ርቀት ከ5 እስከ 6.7 ሚሊሜትር ማለት ነው። ሁለቱ ዘንበል ያሉ ክፍሎች ከሦስተኛው ጋር 20 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ቢሠሩ ይበቃል። ፎቶግራፉ ከመነሣቱ በፊት ክዳኑን ማንሣት ግን መረሳት የለበትም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተማምነው ዘዴ የልኬት መስመር መሳል ነው። ቁልፉ በእኩል እርምጃ፣ ለምሳሌ በ0.1 ሚሊሜትር እየተንቀሳቀሰ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት ወይም አራት አጫጭር ምስሎች ይነሡና የኮከቡ ስፋት ተለክቶ አማካዩ ይመዘገባል። ውጤቱ በወረቀት ላይ ሲነደፍ ሁለት ቀጥታ መስመሮች ወደ ታች ወርደው የሚገናኙበት ሹል ሸለቆ ይሆናል። የሸለቆው ወለል በአየሩ መንቀጥቀጥ የተነሣ ስለሚደበዝዝ በዚያ ላይ ትክክለኛውን ነጥብ መለየት ያስቸግራል። የሁለቱ ጎኖች መስመሮች ግን ቀጥ ያሉ ስለሆኑ፣ ተስበው የሚገናኙበት ሥፍራ የትኩረቱን ቦታ በግልጽ ያሳያል። እንግዲህ ትክክለኛው ቦታ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚገኘው ከእርሱ ራቅ ብሎ በመለካት ነው። በዛሬው ጊዜ በሞተር የሚንቀሳቀሱ ማስተካከያዎች ይህንኑ ሥራ በኮምፒዩተር ትእዛዝ ይፈጽሙታል፤ መሠረታዊው ሐሳብ ግን በእርሳስና በወረቀትም ይሠራል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የመካኒክ ሕግ መዘንጋት የለበትም። በማንኛውም የማስተካከያ ቁልፍ የጥርሶች መካከል ጥቂት ክፍተት አለ። ቁልፉ ወደ ኋላ ሲመለስ ክፍተቱ እስኪያልቅ ድረስ ካሜራው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ወደ ትኩረቱ መድረስ ያለበት ምንጊዜም ከአንድ አቅጣጫ ነው፤ ነጥቡ ከታለፈ በጥቂቱ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና በዚያው አቅጣጫ መምጣት ያስፈልጋል። የመጨረሻው እንቅስቃሴም ክብደቱን ወደ ላይ የሚያነሣ ቢሆን ክፍተቱ በክብደቱ ተይዞ ይጸናል።

የትኩረት ስሕተት የሚመስሉ ሌሎች ስሕተቶች

ያበጠ ኮከብ ሁሉ የትኩረት ጥፋት አለበት ማለት አይደለም። መንሥኤውን ሳይለዩ ቁልፉን ማዞር በደኅና የነበረውን ማበላሸት ይሆናል። ከዋክብቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትተው ከታዩ ጥፋቱ ቴሌስኮፑ የሰማዩን ዙረት በትክክል አለመከተሉ ነው። ይህ በአርባ ምንጭ በቀላሉ ይደርሳል፤ የሰሜን ዋልታው ኮከብ ከአድማስ በላይ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚወጣ፣ ብዙውን ጊዜ በተራራ ወይም በጭጋግ ይሸፈናል፤ በታየም ጊዜ አየሩ ብርሃኑን አጥፎ ከእውነተኛ ቦታው 8 የቅስት ደቂቃ ያህል ከፍ አድርጎ ያሳየዋል። ከዋክብቱ እንደ ጅራታም ኮከብ ወደ አንድ ወገን ጭራ ካወጡ መስተዋቶቹ በአንድ መስመር ላይ አልተደረደሩም። መሐሉ ጥርት ብሎ ዳርና ዳሩ ብቻ ከደበዘዘ የምስሉ ሜዳ ጎብጧል ወይም ካሜራው ዘምሟል። በደማቅ ከዋክብት ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ክበብ ከታየ መስታወቱ ጤዛ ይዟል። ከዋክብቱ ሁሉ በምስሉ ሙሉ ክብ ሆነው እኩል ካበጡ ብቻ ነው ትኩረቱ የሚጠረጠረው፤ ያን ጊዜም በተከታታይ ምስሎች ላይ እብጠቱ ሳያቋርጥ እየጨመረ ከሄደ ጥፋቱ የትኩረት፣ አንዴ ጨምሮ አንዴ ከቀነሰ የአየሩ ነው።

የመለኪያው ራሱ መለካት

ትልቅ ገንዘብና ትልቅ ዕውቀት ከዚህ ጥፋት እንደማያድኑ የሚያስረዳው የሃብል የኅዋ ቴሌስኮፕ ታሪክ ነው። 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋቱ በጥንቃቄ ከተወለወለ በኋላ፣ ቴሌስኮፑ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1990 ወደ ኅዋ ተላከ። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ሲደርሱ ከዋክብቱ በብዥታ ተከበው ታዩ፤ ትኩረቱን ምንም ያህል ቢያስተካክሉት ብዥታው አልጠፋም። ምርመራው እንዳሳየው የመስተዋቱ ዳር ከሚገባው በ2.2 ማይክሮሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተወልውሎ ነበር። መንሥኤው መስተዋቱ የተፈተነበት መሣሪያ ነበር፤ በውስጡ ያለ አንድ ሌንስ ከቦታው በ1.3 ሚሊሜትር ተዛውሮ ተገጥሟል። መስተዋቱ የተወለወለው በተሳሳተው መለኪያ ልክ፣ ያለ እንከን ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቆጨው ግን ሌላ ነው። ከዚያ ቀለል ያሉ ሌሎች መፈተኛዎች ስሕተቱን አስቀድመው አመልክተው ነበር፤ ሆኖም ዋናው መሣሪያ ይበልጥ ትክክል ነው ተብሎ ስለ ታመነ ምስክርነታቸው ወደ ጎን ተደረገ። ጉድለቱ የታረመው የጠፈር ተጓዦች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 ወደ ቴሌስኮፑ ሄደው የማስተካከያ መስተዋቶችን ከገጠሙለት በኋላ ነው። ለጫሞ ተመልካች ትምህርቱ ቅርብ ነው፤ በፍርግርግ ክዳኑ የተገኘው ትኩረት በልኬት መስመሩ ይረጋገጥ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሚወደደውን መርጦ ከመቀጠል ይልቅ ያልተስማሙበትን ምክንያት መፈለግ ይገባል።

በሀገራችን ያለው ዕድልና የሚጠበቀው ሥራ

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ የመዝናኛ ነገር ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተመሠረተ ወዲህ በዚህ ረገድ ብዙ መንገድ ተሄዷል። በእንጦጦ ተራራ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ገደማ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ሲታይ የብዙ ሀገር ዐይን ወደዚያ ተመልክቷል። በአርባ ምንጭም እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ መካኒክ፣ ኤሌክትሪክና ፊዚክስ የሚሰጡበት ሥፍራ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ አለው። የማኅበሩ አባላት ሊረዱ የሚችሉበትም መንገድ ብዙ ነው፤ በአነስተኛ ሞተር የሚሠራ የትኩረት ማስተካከያ፣ የሙቀት መመዝገቢያ፣ ጥርሱ የማይላላ ቁልፍ፣ ሁሉም በሀገር ውስጥ ወርክሾፕ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

የጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የጨረቃ ግርዶሽ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ የቆየችው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 እስከ 3 ሰዓት ከ52 ደቂቃ፣ ለ82 ደቂቃ ያህል ነበር። በግርዶሹ መጀመሪያ ጨረቃ ደማቅ ስለሆነች በጠርዟና በጉድጓዶቿ ላይ ትኩረትን ማስተካከል ይቀላል፤ ስትቀላና ስትደበዝዝ ግን ይህ አይቻልም። ያን ጊዜ ተመልካቹ ወደ አንድ ኮከብ መዞር አለበት፤ በምሽቱ መጀመሪያ በተገኘው ትኩረት ተማምኖ የቀጠለ ሰው፣ ሙቀቱ በ1.4 ዲግሪ ብቻ ቢወርድ፣ የግርዶሹን ዋና ክፍል ከወሰን ውጭ ሆኖ ያነሣዋል።

በሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል የሚያልፈው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በኢትዮጵያ በከፊል የሚታይ ነው። ፀሐይ በምትነሣበት ጊዜ ተስማሚው የፀሐይ ማጣሪያ በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መታሰር አለበት፤ ያለ ማጣሪያ በቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ መመልከት በቅጽበት ዐይን ያጠፋል። ትኩረቱም ማጣሪያው ከታሰረ በኋላ በፀሐይ ጠርዝ ወይም በፀሐይ ነጥቦች ላይ ይስተካከላል፤ ቱቦው በቀን ሙቀት ስለሚለጠጥ ደግሞ በየጊዜው ይፈተሻል።

ለእነዚህ ቀናት መዘጋጀት የሚጀመረው በተራ ሌሊቶች ነው። የሴቻው ተመልካች በሚቀጥለው ምሽት መሣሪያውን ከጀምበር መጥለቅ በፊት ወደ ጥላ ያወጣል፤ ቴርሞሜትሩን በቱቦው ላይ ያስራል፤ ሲጨልምም ከኔቡላው ብዙ የማይርቀውን፣ በኦሪዮን ውስጥ ያለውን ደማቁን ሪጅልን መርጦ ካርቶን ክዳኑን ይደፋል። ጨረሩ መሐል ሲገባ ሰዓቱን፣ የሙቀቱን መጠንና የቁልፉን ቦታ በደብተሩ ይጽፋል። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲወርድ ማንሣቱን አቁሞ እንደገና ይለካል፤ ይህን እያደረገ ጥቂት ሌሊቶች ሲያልፉም ደብተሩ የራሱ ቴሌስኮፕ በአንድ ዲግሪ ምን ያህል እንደሚያጥር በእርግጠኛነት ይነግረዋል። ያን ጊዜ በሌላ ሥፍራ ያለ ተመራማሪ ስለ ምስሎቹ ቢጠይቀው፣ እያንዳንዳቸው በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ሙቀት፣ በየትኛው የቁልፍ ቦታ እንደ ተነሡ ደብተሩን ገልጦ መመለስ ይችላል።